ከጉማራ ማዶ የሚስበው

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሣ ሰበብ ፈልጌ ከመሃል የምወጣ ሰው ነኝ፣ ልጅ ሆኜ እንኳ ጋኔን ጠራኝ፣ ዛር ታየኝ የሚል ሰው ሲያወራ «አንተው ራስህ አይተሃል ወይስ ሰምተህ ነው?» እያልኩ ስለምጠይቅ አጠገቤ ተቀምጦ ማውራት የሚወድ አልነበረም፣ ዛሬም ያው ነኝ። ይኼኛውን የምጽፈው ግን እዚያው ስለነበርኩ ነው፣ እመኑኝ፣ የጨመርኩት ነገር የለም።

ጣሊያን ደብረ ታቦር በነበረ ጊዜ ነው፣ ክረምቱ ወጥቶ ወንዞቹ ግን ገና አልጎደሉም። የጓደኛዬ የውቢት ባል አያሌው ባሕር ዳር ታስሮ ነበር፣ በበቅሎ እየጫነ የሚነግድ ሲራራ ነጋዴ ነውና ለአርበኞች እህል አመላልሰሃል ብለው ነው የያዙት። እስረኞቹን በማግስቱ ጠዋት በጀልባ ጭነው ሊወስዷቸው ነው የሚል ወሬ መጣ፣ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ውቢት በዚያ ቀን ካልደረሰች አታገኘውም ማለት ነው። አቡጀዲ የምትነግደው ጎረቤታችን ዘይነባ እቃዋን የሚያመላልስላትን ሾፌር ተስፋይን ለምና በካሚዮኑ አሳፈረችን፣ እኔም ውቢትን ብቻዋን አልለቃትም ብዬ ተከተልኩ።

ጉማራ ወንዝ ስንደርስ ጎርፉ የድልድዩን መግቢያ አፈር ጠርጎት ሠራተኞች ድንጋይ ይሞሉበታል፣ ከሰዓት በኋላ ያልቃል፣ ጠብቁ ተባልን። ውቢት ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ተስፋይ ከጭነቱ ላይ ረጅም ሸምበቆ አወረደ፣ ጫፉ ላይ ከፈረስ ጭራ የተገመደ ክር ታስሯል፣ በክሩ ጫፍ መንጠቆ አለ፣ መንጠቆው ላይ ደግሞ የአውራ ዶሮ አንገት ላባ ተጠምጥሞበታል። ያስተማረው ጣሊያኑ መካኒክ አለቃው ነው፣ በአገሩ ተራራ ትሮታ የሚሉትን ዓሣ በዚህ ይይዛሉ አለን።

«ትሉስ የታለ?» አለች ዘይነባ።

«ትል አያስፈልግም። ላባው ዝንብ ይመስለዋል።»

«አታለህ ልትበላው ነዋ! ጣሊያን ያስተማረህ ይኼንኑ ነው?»

«አንቺስ አቡጀዲውን ስትለኪ ክንድሽ አያጥርም?»

«ወላሂ፣ ካሚዮኑ ያንተ ባይሆን ዛሬ በእግርህ ነበር የምትመለሰው!»

ውቢት እንኳ ፈገግ አለች።

ተስፋይ ሸምበቆውን ወደ ኋላ ወስዶ ሲወረውር ክሩ አየሩን እየሰነጠቀ ያፏጫል፣ ላባው ውሃው ላይ ቀስ ብሎ ያርፋል፣ እንዲህ እያለ አንድ ደህና ነጭ ዓሣ አወጣ። ከዚያ ካፊያ መጣ፣ ሲያባራ ጉም ወርዶ ማዶው ከዓይናችን ጠፋ፣ ሌላ ፉጨት የሰማሁትም ያኔ ነው፣ ከማዶ። የገደል ማሚቶ ነው ትሉኝ ይሆናል፣ እኔም ለራሴ ያልኩት ይኼንኑ ነው፣ ግን ነፃነት ከመጣ በኋላ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ከልጆች ጋር ስማር፣ መምህራችን ድምፅ ሄዶ ተጋጭቶ እንደሚመለስ ሲያስረዱ እጄን አውጥቼ «ሳይሄድስ ሊመለስ ይችላል?» ብዬ ብጠይቅ ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ። የማዶው ፉጨት እኮ የሚቀድም ነበር፣ ተስፋይ ሸምበቆውን ገና ወደ ኋላ ሲወስድ ከማዶ ያፏጫል፣ የእሱ ከዚያ በኋላ ነው። እሱም ልብ ብሎት ኖሮ አንዴ ሸምበቆውን አንሥቶ ሳይወረውር ቀረ። ከማዶ አፏጨ።

«እዚህ አገር በላባ የሚያጠምድ ሌላ ሰው አለ?» አለን፣ የጠየቀን እንጂ የቀለደ አይመስልም።

እንደገና ሲጥለው ክሩ ተወጠረ። ዓሣ ሲይዝ ክሩ እንደሚንቀጠቀጥ ቅድም አይቻለሁ፣ ይኼ አልተንቀጠቀጠም፣ ሳብ ያደርጋል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ሳብ ያደርጋል። ውቢት ተነሥታ መጣችና ክሩን በባዶ እጇ ያዘች።

«አያሌው ነው» አለች።

«ኧረ ግንድ ነው አንቺ! ልቀቂው!» አለች ዘይነባ።

«እጁን አጣዋለሁ? በቅሎ ስንጭን እሱ ከወዲያ እኔ ከወዲህ ነን፣ ጭነቱ ይጋርደናል፣ አንተያይም። ቆይ ሲለኝም በቃ ሲለኝም በመጫኛው አሳሳብ ነው የማውቀው። አሁን ሳቢ እያለኝ ነው።»

ሳበች። ከማዶም ሳበ። ውሃው ጉልበቷ ጋ ደረሰ፣ ከዚያ ወገቧ ጋ፣ እኔና ዘይነባ መቀነቷን ይዘን ወደ ኋላ ስንጎትት እኛም ጭቃው ላይ ተንሸራተትን፣ ልብ በሉ፣ ወንዙ የሚፈሰው ወደ ታች ነው፣ እኛ የምንሄደው ግን ቀጥ ብለን ወደ ማዶ ነበር። ተስፋይ ቢላዋ መዘዘና ክሩን ቆረጠው። ውቢትን ጎትተን አወጣናት፣ ሦስታችንም ጭቃው ላይ ወደቅን። ውቢት አልጮኸችም፣ «ምን አደረግኸኝ?» ብቻ አለችው።

የድልድዩ ጥገና አለቀና ተሻገርን፣ ተስፋይ ማዶ አቁሞ ዳርቻውን አየ፣ እኔም ወርጄ አየሁ፣ ጭቃው ላይ የሰውም የከብትም ዱካ አልነበረም።

ባሕር ዳር ስንገባ መሽቷል። ዘይነባ ለዘበኛው አቡጀዲ ሰጥታ አያሌውን ወደ አጥሩ አስጠራችው፣ ከስቷል እንጂ ደህና ነው። ውቢት በሽቦው መሃል እጁን ስትይዘው «ቀስ!» አላትና መዳፉን ገልብጦ አሳየን፣ ቀጭን ቁስል ከዳር እስከ ዳር አቋርጦታል፣ ደሙ አልደረቀም። በመንገድ ላይ ክሩ የሰነጠቀውን የውቢትን መዳፍ አጥቤ ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ሁለቱ ቁስሎች አንድ ዓይነት ነበሩ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው።

አልተቆጣም፣ እንደደከመው ሰው ነው የተናገረው። «ሳቢ አልኩሽ፣ ስትስቢም ነበር። ማነው የቆረጠው?»

ዘበኛው ወዲያው ወሰደው። በማግስቱ ጀልባው ሄደ። ከነፃነት በኋላ ከእስረኞቹ አንዳንዶቹ ተመለሱ፣ እሱ አልተመለሰም። ውቢት ያ ክር ባይቆረጥ አያሌው ያን ዕለት ወደ እኛ ይሻገር ነበር ትላለች፣ ዘይነባ ደግሞ አንቺ ነበርሽ ሰጥመሽ የምትቀሪው ትላታለች፣ እኔን ሲጠይቁኝ ዝም እላለሁ። መቀነቷ እጄ ላይ ስለነበር የማውቀው ነገር አለ፣ መጨረሻ ላይ መሳቡ ቆሞ ነበር፣ መቀነቷ ላላልኝ፣ ከጉሙ ውስጥም ውሃውን እየረገጠ ወደ እኛ የሚመጣ ነገር ሰማሁ፣ ቅርብ ነበር። ቀና ስል ተስፋይም ወደዚያው ያያል፣ ቢላዋውን የመዘዘው ያኔ ነው።