ዋሪቱ መስኮት ዳር

ስልክ ሁሉ ፎቶ ማንሳት ሳይጀምር፣ መቱ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረ ሕፃናት የሚያነሳው ደቅሲሳ ነበር። ፍላሽ አይወድም። የገባበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ መስኮቱን ይገልጣል፤ አራስ ቤት መስኮት መግለጥ ደግሞ ጠብ መጫር ነው።

እነ ኢብሴ ቤትም የሆነው ይኸው ነው። መስኮቱ ላይ የተሰቀለውን ጋቢ ሊያወርድ እጁን ሲሰነዝር የአራሷ የኢብሴ ታናሽ እህት ዋሪቱ መሀል ገባች።

«ልጁን ብርድ ቢመታው ታስታምመዋለህ?»

«መስታወቱን አልከፍትም። የፈለግኩት ብርሃን ነው።»

«ብርሃንማ አምፖሉም አለው።»

«አምፖሉ ሕፃኑን ሽማግሌ ያስመስለዋል።»

ሳቋ አመለጣት። ጋቢውን ራሷ አወረደችው። ኢብሴ ፊቴ አብጧል፣ አልነሳም ስላለች፣ የአርባ ቀኑን ሕፃን አቅፋ መስኮት ዳር የተቀመጠችው ዋሪቱ ነበረች። ደቅሲሳ ከወዲያ በኩል ነጭ አንሶላ ዘርግቶ ብርሃኑን ወደ ፊታቸው መለሰው። ሕፃኑ አዛጋ፤ እሷ ጎንበስ አለችለት፤ ደቅሲሳ ትንፋሹን ይዞ አነሳ።

ፎቶው ሽፋሽፍት የሚያስቆጥር ነበር። ደቅሲሳ ግን ደብዝዟል ብሎ በሳምንቱ ተመለሰ። በሌላው ሳምንትም ደብዝዟል አለ። በሦስተኛው ኢብሴ፣ የሰው ቤት ሁሉ ጠርቶ የእኛ ብቻ የሚደበዝዘው ምን ብንበድልህ ነው ብላ ጠየቀችው። ዋሪቱ ጓዳ ገብታ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ለመገናኘት ሕፃን አላስፈለጋቸውም። ክረምቱ ሲወጣ ሽማግሌ እልካለሁ አላት።

እስከዚያው ያንን ፎቶ በትልቁ አሳጥቦ የፎቶ ሱቁ መስታወት ላይ ሰቀለው። ደንበኛ ጎረፈ። ከኖፓ ድረስ ሕፃን አዝለው እየመጡ፣ እንደዚያች እናት አድርገህ አንሳን ይሉታል። እናቱ አይደለችም ብሎ የሞቀ ወሬ ማቀዝቀዝ አልፈለገም።

ዋሪቱ መጣች። ገበያ ላይ ሴቶች ልጅሽ ደህና ነው እንደሚሏት፣ ዞር ስትል ደግሞ አባቱ ማን ይሆን እንደሚባባሉ ነገረችው።

«አውርድልኝ ደቅሲሳ።»

«ከተጋባን በኋላ ማን ምን ይላል?»

«እስክንጋባስ?»

ቶሌ፣ እሺ፣ አወርደዋለሁ አለ። አላወረደውም። ሁለተኛም መጣች፤ መስቀል ይለፍ፣ ሥራ የሚደራው አሁን ነው አላት። ሦስተኛ ስትመጣ ሱቁ በእናቶች ተሞልቷል። አንዷ ዋሪቱን ከፎቶው ጋር አስተያየቻትና፣ «ልጅሽን ለማን ጥለሽው መጣሽ?» አለቻት።

ዋሪቱ ዞር ብላ ደቅሲሳን አየችው። ደቅሲሳ አንገቱን ደፍቶ ሌንስ ይወለውላል።

በማግስቱ ፎቶውን አወረደ። ያኔውኑ ጎረቤቱን ጋሼ ኦላናን ለምኖ ሽማግሌ ላከ። ጋሼ ኦላና ሲመለሱ አባትየው እሺ እንዳሉ፣ እምቢ ያለችው ግን ልጅቷ ራሷ እንደሆነች ነገሩት። አላመነም። ወደ ሶር ወንዝ በሚወስደው መንገድ ጠብቆ አገኛት።

«አወረድኩት እኮ።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ያቺ ሴትዮ ስትጠይቀኝ አጠገቤ ነበርክ። ‹ልጁ የእህቷ ነው› ማለት ስንት ቃል ነው?»

ቢጨንቀው ያለውን አወጣ።

«እወድሻለሁ ዋሪቱ።»

«አውቃለሁ... ለብቻችን ስንሆን ትወደኛለህ። እኔ የምፈልገው ሰው ፊት የሚወደኝ ነው።»

ጃንጥላዋን ዘርግታ ሄደች።

በጥር ዳሪሙ ወረዳ የሚያስተምር ሰው አገባች። የደቅሲሳ እናት፣ እትዬ አስካለማርያም፣ ሰርጉ ላይ ተጠርተው ነበር። ሲመለሱ ልጃቸውን ደጃፍ ተቀምጦ አገኙት። ወሬውን ፈልጎ ቀና ብሎ አያቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን እያጠፉ፣ «አምሮባታል። ትስቅ ነበር» አሉት።

«እወዳት ነበር» አለ ደቅሲሳ። አላፊ አግዳሚው ቆም አለ። ድምፁን ዝቅ አላደረገም። «እማዬ፣ እወዳት ነበር!»

«እንዲህ ማለት ያኔ ነበር» አሉት እናቱ፤ ገብተውም በሩን ገርበብ አደረጉለት።