ጥርሱ ያላለቀው ጎማ

የኋላሸት የሞተው እሑድ ጠዋት ነው፤ ከአሰላ ወጣ ብሎ፣ የሞተር ልጆች በሚወዳደሩበት የአስፋልት ሜዳ ላይ። ኩርባው ላይ ሲደርስ የኋላው ጎማ ከዳው። ኢንስፔክተር ሰናይት ስትደርስ አስከሬኑ በነጠላ ተሸፍኗል፤ አብሮ አደጉ፣ ጎሚስታው ጀዋር፣ የሟቹን ጫማ ታቅፎ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ጎማውን ማን ገጠመው?»

«እኔ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሱቄ ውስጥ» አላት፤ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

የከተማው ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? ጎሚስታው አሮጌ ጎማ ገጥሞ ልጁን ገደለው ተባለ፤ ጀዋርም ታሰረ። ሰናይትን ግን ነገሩ ከነከናት።

መጀመሪያ፣ በውድድር ከየኋላሸት ቀጥሎ ሁልጊዜ ሁለተኛ የሚወጣውን ሐቢብን ጠራችው።

«እሱ ከሌለ አንደኛው አንተ ነህ» አለችው።

«እሱ የሌለበትን አንደኝነት ምን አደርገዋለሁ?» ዓይኑን ጠረገና የሟቹን ሞተር የኋላ ጎማ በጥፍሩ ተጫነው። «ይኸው፣ ጥርሱ አዲስ ነው፤ ግን ደርቋል። መንገድ ላይ ጎማ የሚቀየረው ጥርሱ ሲበላ ነው። እኛ ኩርባ ላይ ወደ ጎን ተኝተን ስለምንነዳ የሚይዘን ልስላሴው ነው። ከደረቀ፣ ጥርስ ቢኖረውም ይቀየራል። ጀዋር ይህን ከሁላችንም በላይ ያውቃል።»

ታዲያ የሚያውቅ ሰው ለወዳጁ እንዴት ይህን ይገጥማል? ሰናይት ጎማውን አስወለቀችው። ከውስጡ የገብስ ፍሬ ከነገለባው ረገፈ። ስትጠይቅም ጀዋር ቅዳሜን ሙሉ ሁሩታ ከተማ ለቅሶ ላይ እንደነበር ሰማች።

ከዚያ የሟቹን አባት፣ የእህል ነጋዴውን አቶ ሀብተ ማርያምን፣ ልታጽናና ሄደች። ሲጨብጧት የጣቶቻቸው አንጓ ተልጦ አየች።

«ያንን የተበላ ጎማ መልሶ ገጠመበት» አሉ። «አብልቼ ያሳደግኩት ጀዋር። አልምረውም።»

መልሶ? ሰናይት ቃሉን ይዛ ወጣች። መጋዘናቸውን ስታስፈትሽ ከገብሱ ጆንያ ጀርባ፣ እንደ ተወዳዳሪዎቹ ጎማ ጎኑ የተበላ ጎማ ተገኘ። በጥፍሯ ተጫነችው፤ እሺ ብሎ ሰረጎደ።

በሠልስቱ ጀዋርን አስመጥታ ሐቢብንም ጠርታ አባትየው ፊት ተቀመጠች። ከዚህ በላይ ብትዘገይ ደስ ባላት ነበር።

«አባቴ፣ ሞተሩ ላይ የነበረው ጎማ የተበላ አይደለም። ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ደርቆ ነው ያንሸራተተው። ውስጡ ገብስ ነበር። ገብስ በሜዳውም በጀዋር ሱቅም የለም። ጀዋር ቅዳሜ እዚህ አልነበረም። እርስዎ ደግሞ ድሮ በሞተር እየዞሩ ከሮቤ እህል ሲገዙ ጎማዎን ራስዎ ይቀይሩ ነበር። እጅዎ የተላጠው ቅዳሜ ጎማውን ሲቀይሩ ነው።»

ሽማግሌው እጃቸውን ትክ ብለው አዩት።

«ጎማው ተበልቶ ሳየው ፈራሁለት» አሉ በመጨረሻ። «ለራሴ ሞተር ከድሮ ያስቀመጥኩት አዲስ ነበረኝ። ተኝቶ ሳለ ቀየርኩለት። ስለ አሮጌ ጎማ ሲወራ፣ ጀዋር የእኔን አውጥቶ የድሮውን ከመጋዘኑ ወስዶ የመለሰ መሰለኝ፤ ሄጄም አላየሁ።» የተላጠ እጃቸውን ዘረጉ። «በገዛ እጄ ልጄን በላሁት።»

«አንተስ ለምን ዋሸህ?» አለችው ሰናይት ጀዋርን።

«ሜዳው ላይ ሳየው ጎማውን አወቅኩት። ልጆች ሆነን መጋዘን ስንጫወት ላዩ ላይ እንቀመጥ ነበር። ጋሼ ይህን ከሚሰሙ እኔ ልታሰር አልኩ።»

ሐቢብ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አቶ ሀብተ ማርያም የጀዋርን ክንድ ያዙት።

«ልጄ፣ በራሱ ጎማ ቢሆን ይተርፍልኝ ነበር?»

«አይተርፍም ጋሼ። እሱም ደርቆ ነበር። በዚህ ሳምንት ልቀይርለት ነበር፤ ያዘገየሁት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ወደ ሰናይት ዞሩ። ዓይናቸው አንጀቷን በላት።

«እውነቱን ነው?»

ሰናይት የመጋዘኑ ጎማ በጥፍሯ ሥር እንዴት እንደለሰለሰ አልረሳችም።

«እውነቱን ነው አባቴ» አለቻቸው።