ሁለት መቶ አሥራ አራት ክፍት ገጾች

ፍላሹ በበርበሬ ከረጢት ውስጥ ነበር።

አለበል ማለዳ ቡሬ መናኸሪያ ቆሞ ከረጢቱን ከፍኖተ ሰላም ለመጣ ባለጃኬት ሰው አቀበለ።

«በርበሬው ደርቋል?»

«ሁለት ፀሐይ ይቀረዋል።»

የይለፍ ምላሹ ትክክል ነው። ሰውየው ከረጢቱን በምስጢር ስሙ «ወንፊት» የሚባለው አለቃቸው ዘንድ ይዞ ሄደ።

አለበል የኮምፒውተር ጠጋኝ መስሎ የገበሬዎች ማኅበር ቢሮ ከገባ ሁለት ወሩ ነው። ማን ቤት ስንት ኩንታል በቆሎ እንዳለ የሚያሳየውን መዝገብ ለዘራፊዎች የሚያወጣ ሰው አለ፤ እሱን እንዲይዝ ነው ወንፊት የሚመራው የምስጢር ክትትል ክፍል የላከው። አንድ ጎተራ ባለቤቱ ገበያ በዋለበት ቀን ተዘርፎ ነበር። አለበል ከመጣ ወዲህ ሁለት ተጨመረ። ወንፊት ግን ሰሞኑን «መዝገቡን የያዘው ሰርቨር እንዳይወድቅ አድርግ፤ ዝርዝሩንም በፍላሽ ላክ» ይል ጀመር። ነገሩ አልጣመውም። ዛሬ በፍላሹ ለናሙና ብሎ የላከው አንድ ስም ብቻ ነው፦ ባምላኩ የሚባል፣ ጭራሽ ያልተፈጠረ ገበሬ። ከስሙ ጋር የጻፈው ስልክ ቁጥር የራሱ የአለበል ነው።

ቢሮ ሲመለስ መዝጋቢዋ እትዬ ሀብትነሽ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ያሻሉ።

«እትዬ፣ ያላለቀውን ገጽ ይዝጉት አላልኩዎትም?»

«ኧረ ምነው ልጄ! ሰውየው የመሬት ደብተሩን ሊያመጣ አገሩ ሄዷል። ብዘጋበት ተራው ይቀራል፤ ፊቱ ላይ በር መዝጋት እኮ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ለሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ገጽ ከፍተዋል። ሴሽን የሚሉት እያንዳንዱ ክፍት ገጽ የገበሬውን ፎቶ፣ የደብተሩን ቅጂና የእህሉን መጠን ተሸክሞ ዳታቤዙ ውስጥ ይቀመጣል። ሜሞሪው ይሞላል፤ ሰርቨሩ ቀን በቀን ስድስት ሰዓት ላይ ወድቆ ሥራ ያቆማል። ትናንት በታዘዘው መሠረት ሜሞሪ ጨመረበት። ዛሬ አልወደቀም።

ሰባት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ባምላኩ ነህ?»

«ነኝ።»

«ነገ ቤት ነህ ወይስ ገበያ ትወጣለህ?»

ያን ስም የያዘውን ፍላሽ በቁልፍ ቃሉ የሚከፍተው ወንፊት ብቻ ነው።

መዝገቡን የሚያወጣው ወንፊት ራሱ ነው። የእትዬ ሀብትነሽን የይለፍ ቃል በመጀመሪያው ሪፖርት ለወንፊት የላከው ራሱ ነው። ወንፊት በዚያ ቃል ገብቶ መዝገቡን ሲቀዳ የሚያቋርጠው የሜሞሪው መሙላት ብቻ ነበር። ያንንም አለበል አነሳለት።

ስክሪኑን አየ። የመዝገቡ ቅጂ ሰማንያ ከመቶ ደርሷል።

የይለፍ ቃሉን ቀየረ። አልጠቀመም፤ አስቀድሞ የገባ አይወጣም። የሌባውም ገጽ እንደ ሌሎቹ በእትዬ ሀብትነሽ ስም ተከፍቷል። ለመለየት ጊዜ የለም።

ዘጠና።

ክፍቶቹን ገጾች ሁሉንም ሰረዘ።

ቅጂው ቆመ። ውጭ ከተሰለፉት ገበሬዎች ጩኸት ተነሳ። የቢሮው ኃላፊ የተሰረዙት ገጾች በማን ስም እንደነበሩ አየና እትዬ ሀብትነሽን ከሥራ አገዳቸው። አለበል ጀርባውን አዙሮ ስልኩን አወጣ። ስልኩ የቀዳውን የደዋዩን ድምፅ፣ ስሙን ያየው ወንፊት ብቻ መሆኑን ጽፎ፣ ከወንፊት በላይ ላሉት አለቆች ላከ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መልስ መጣ።

«ወንፊት ተይዟል። ዛሬውኑ ውጣ። ለማንም ትንፍሽ አትበል።»

ሲወጣ እትዬ ሀብትነሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የገበሬዎቹን ተራ አንድ በአንድ በደብተር ይጽፋሉ።

«ልጄ፣ ገጹን ማን ዘጋው?»

«መብራት ተቋርጦ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ጥፋቱ የኔ ነው። አንተስ ነግረኸኝ ነበር።»

አፈረ። ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

መናኸሪያው ላይ የመራዊ ተሳፋሪዎችን የሚመዘግበው ሰው ስሙን ጠየቀው።

«ባምላኩ» አለ።