አራት ጊዜ የተሳበው ገመድ

ዛርና ጥንቆላ ይቅርና ጅብ ሲጮህ እንኳ «ርቦት ነው» ብዬ የምተኛ ሰው ነኝ፣ ደብረ ታቦር ላይ እንደኔ ያለ ደረቅ ሽማግሌ እንደሌለ ሟች ባለቤቴ መስክራልኛለች። ታዲያ በጥር ፀሐይ፣ በገዛ በረንዳዬ ያየሁትን የት ላግባው?

ልጄ ባሕር ኃይል ናት። አትሳቅ፣ ባሕር የሌለው አገር ባሕር ኃይል! እኔም በጉብዝናዬ ምጽዋ ላይ መርከበኛ ነበርኩ፣ ባሕሩ ሄደ፣ እኔ ቁርጥማቴን ይዤ ወደ ገብሴ ተመለስኩ። ለጥምቀት መጥታ ላፕቶፗን ከፍታ ትሠራለች፣ እኔ አጠገቧ የበሬ ገመድ እገምዳለሁ፣ የተገመደው ከደረጃው ወርዶ በቤቱ ማዕዘን ዞሯል።

«ይኼ ምንድን ነው፣ ጥለት ነው?» አልኳት፣ ላፕቶፑ ላይ ያለውን ሰማያዊና አረንጓዴ እያየሁ።

«ሳተላይት ያነሣው የባሕር ቀለም ነው አባዬ። ሰማያዊው የጠራ ነው። አረንጓዴው ግን ዓይን በማያየው ተክል የታፈነ ነው፣ እዚያ የገባ ጠላቂ የገዛ እጁን አያይም። ሰው ከመላካችን በፊት ይኼን እናያለን።»

መገመዴን አቆምኩ። ምጽዋ ሳለሁ ደሴ የሚባል ያገሬ ሰው፣ የአንበሳሜ ልጅ ጓደኛ ነበረኝ፣ ጠላቂ ነው፣ ገመዱን ከላይ የምይዝለት እኔ ነኝ፣ አራት ጊዜ ከሳበ «አውጣኝ» ማለቱ ነው። አንድ ጠዋት ባሕሩ አረንጓዴ ሆኖ አደረ። «ውኃው እንዴት ነው?» አለኝ። የደጋ ገበሬ ልጅ አይደለሁ፣ አረንጓዴ ከበረከት በቀር ምን ሊሆን ነው? «ለምለም ነው፣ ግባ!» አልኩት። አራት ጊዜ ሳበ። ስስብ ገመዱ ባዶውን መጣ። ይህን ለእናቱም፣ ለልጄም ተንፍሼ አላውቅም።

«ምጽዋ የቱ ጋ ነው?» አልኳት፣ አሳየችኝ፣ አረንጓዴው ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ያኔ በግራ እጄ የያዝኩት ገመድ ተሳበ። በሬው ነው እንዳልል በሬው መስክ ላይ ነው። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። አራቴ።

«ውይ አባዬ፣ ምን ነክተው ነው? ላፕቶፔን አራሱብኝ እኮ!»

ጣቴን ቀመስኩት፣ ጨው ነው።

ሳብኩ። ከበደኝ፣ እንደ ሰው ከበደኝ፣ ከማዕዘኑ ወዲያ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፣ እየቀረበ ነው።

«ምን እየሳቡ ነው?» ብላ ብድግ አለች።

ገመዱን ለቀቅኩት።

ሄዳ አየች፣ ምንም የለም። «ገመዱ ርሷል፣ ውኃ ደፍተውበት ይሆናል» አለችኝ፣ «ይሆናል» አልኳት። ፊት ደሴን ወደ ውኃው የሰደድኩት ባለማወቄ ነው፣ አሁን የለቀቅኩት ግን ልጄ እንዳታይብኝ ብዬ ነው፣ ጀግና!

ገመዱን ፀሐይ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ፋሲካ አለፈ፣ እስካሁን አልደረቀም።