ስለ ማሞቂያው ሳይጠይቅ

ጭምት የሻወሩን ራስ የገዛችው ዓይኗ ስለገባ ነው። ክብ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ቀዳዳዎቹ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ፣ አንገቱ ላይ ውኃውን የሚዘጋና የሚከፍት ቁልፍ ያለው። አሮጌው ተሰንጥቆ ግድግዳውን ማጠብ ጀምሮ ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ደስ ብሏት የገዛችው ዕቃ ይሄ ነው ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ደስ አላላትም። ብቻ ገዛችው።

ጭምት ስሟ አይደለም። እናቷ ያረፉ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሷ ወንበር ስትደረድር ስላዩዋት ዘመዶቿ ያወጡላት ነው። በዚያው ዓመት አባቷን ስትሮክ ጣላቸውና ግራ ጎናቸው ደነዘዘ። እሷም አብራ ሳትደነዝዝ አልቀረችም። ቀን ልብስ ስፌት ቤት የሰው ቀሚስ ስትሰፋ ትውላለች፤ ስትመለስ አባቷን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ታስተኛለች። ሌላ የምትሠራው የለም።

የሻወሩን ራስ የሸጠላት ባለሱቅ ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ሱቁ ከወለል እስከ ጣሪያ ቧንቧና መገጣጠሚያ ነው። ዕቃውን ሲጠቀልልላት ደጋግሞ አየት አደረጋት። እሷም አይታዋለች፣ ግን ልብ አላለችውም።

በሦስተኛው ቀን እንደ ልማዷ አባቷን በቁምጣ፣ የመታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ባለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጣ ማጠብ ጀመረች። አዲሱ ራስ ውኃውን በቀጭን በቀጭኑ ያወርደዋል። እንፋሎቱ እየወፈረ ሄደ። አባት ግራ ትከሻቸው አይሰማቸውምና ዝም አሉ። እሷ ግድግዳውን እያየች ነበር። ቆዳው ቀልቶ ውኃ ሲቋጥር ነው የደነገጠችው፤ እሱንም ቢሆን ከአንገት በላይ።

ሌላ ከተማ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ በስልክ ሰማ። ሚስቱ ነርስ ናት፣ ቤቱም ደረጃ የሚያስወጣ አይደለም።

«እሁድ እመጣለሁ» አለ። «ነገሩ ካላማረኝ አባዬን ይዤው እሄዳለሁ። አንቺም ትንሽ ዕረፊ።»

አባቷ ከሄዱ እሷ ለማን ምን እንደምትሆን አታውቅም ነበር። ስለዚህ ያ ሻወር እስከ እሁድ መስተካከል ነበረበት።

የሻወሩን ራስ ፈትታ በፌስታል ይዛ ሄደችና ባለሱቁ ፊት አስቀመጠችው።

«ይሄ አባቴን አቃጠለው» አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሣ።

ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማሞቂያችሁ የኤሌክትሪክ ነው? ግድግዳ ላይ ሆኖ ውኃውን እያሳለፈ የሚያሞቀው?»

«አዎ።»

«አልጠየቅኩሽም።»

«አልጠየቅከኝም።»

በእኩለ ቀን ሱቁን ዘግቶ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ ተከተላት።

ባኞ ቤቱ ለሁለት ሰው ጠባብ ነው። ባለሱቁ ጫማውን አውልቆ ገንዳው ውስጥ ቆመ፤ ጥፋቱን ሊያሳያት ያንኑ ራስ መልሶ ገጠመና ማሞቂያውን ከፈተ።

«አየሽ፣ ይሄ ማሞቂያ ውኃ አያጠራቅምም። መውጫው ሲጠብበት ውኃው ቀስ ይላል፤ ቀስ ካለ ደግሞ እውስጡ ሳለ ይፈላል። ቁልፉን ዘግተሽው ቢሆንማ ውኃው ውስጥ ታፍኖ ሌላ መዘዝ ያመጣ ነበር። የሻወሩ ራስ መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ ለዚህ ማሞቂያ ግን አይሆንም።»

ጭምት እጇን ከውኃው ሥር አድርጋ ነበር የምታዳምጠው። እሱ ወደ ላይ እያየ ሲያስረዳ እንፋሎቱ መነሣት ጀመረ፤ እጇ ግን እዚያው ነው። ዞር ሲል አየና አንጓዋን ለቀም አድርጎ ሳባት።

«አይሰማሽም እንዴ?»

«ይሰማኛል» አለች የቀላ መዳፏን እያየች። «ከሩቅ ነው እንጂ።»

ማሞቂያውን አጠፋ፣ ቀዝቃዛውን ለቀቀና እጇን ይዞ ከሥሩ አቆየው። ሁለቱም ውኃውን ነበር የሚያዩት። ወጣት ሰው እጇን ይዟት ቆሟል፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር ብላ አሰበች። አላላትም። ግን እጇንም አልሳበችም።

ቀጥሎ ከቦርሳው ያወጣው ራስ መልክ የሚባል አልፈጠረበትም፤ ነጭ ፕላስቲክ፣ ቀዳዳዎቹ ሰፋፊ፣ ቁልፍ የሌለው። የድሮውን የጎማ ቀለበት ጥሎ አዲስ ከተተ፣ አዲሱንም ራስ በባዶ እጁ አጠበቀው። «ፕላስቲክ ጉልበት አይወድም» አለ። የሻወሩ ቱቦ ቢወድቅ ገንዳው ውስጥ ባለው እድፋም ውኃ እንዳይነከር፣ ግድግዳው ላይ ማቀፊያ መትቶ በዚያ አሳለፈው። ውኃው ለብ ብሎ፣ ሳይቆራረጥ ወረደ።

«ማነው እሱ?» አሉ አባት ከመኝታ ቤት። «አማች ነው ወይስ ቧንቧ ሠራተኛ?»

«ባለሱቁ ነው አባዬ።»

ባለሱቁ እጁን ጠራርጎ ገባና አልጋው አጠገብ ቆመ።

«አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ይሄን ዕቃ ስሸጥ ማሞቂያው ምን ዓይነት ነው ብዬ ሳልጠይቅ ቀርቼ አላውቅም። ያን ቀን አልጠየቅኩም።»

«ምን ነካህ?»

ወለሉን አየ። «ልጅዎን እያየሁ ረሳሁት።»

ጭምት በሩ ላይ ፎጣ ይዛ እንደቆመች ቀረች። አባት በግማሽ ፊታቸው ሳቁ፤ ሌላው ግማሽ አይታዘዝላቸውም።

«እሷን አይተህ እኔን ጠበስከኝ በለኛ!»

በዚያ ሳምንት ባለሱቁ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። አንዴ ቱቦውን ሊያይ፣ አንዴ ገንዳው ጎን የሚጨበጥ እጀታ ሊገጥም፣ አንዴ ያለ ምክንያት። በሦስተኛው «የውኃውን ግፊት ልየው ብዬ ነው» ሲል፣ አባት «ግፊቱማ ለእኛም ታይቶናል» አሉት። ጭምት ወንበር አቀረበችለት።

እሁድ ወንድሟ መጣ። እጀታውን ነቀነቀ፣ አዲሱን ራስ አገላብጦ አየ፣ ውኃውን በክንዱ ለካ። ጉድለት ፈልጎ አጣ።

«ጥሩ ነው። እዚሁ ይሁን» አለ።

ጭምት እፎይ አለች። ያኔ አባት «ልብሴን አዘጋጂልኝ» አሉ።

«አባዬ፣ ተስተካከለ እኮ!»

«ስለተስተካከለ ነው። እንደተበላሸ ብሄድ አኩርፎ ሄደ ትያለሽ።» ደኅናውን እጃቸውን ዘረጉላት። «ሦስት ዓመት እኔን ስታጥቢ አንቺ ደረቅሽ። የኔ ግማሽ ጎኔ ነው የሞተው፤ ያንቺ ሁለቱም ነው። እያየሁ መኖር አልቻልኩም ልጄ።»

«እኔስ ምን ልሁን?»

«እሱን እኔ አላውቅልሽም» አሉ።

ወደ ወንድሟ ዞራ «ጋሼ» አለች። ወንድሟ ዓይኗን ማየት አቅቶት የአባቱን ጫማ ፍለጋ አጎነበሰ።

ሸኝታቸው ስትመለስ ቤቱ ውስጥ የሚታጠብ ሰው አልነበረም። የፕላስቲኳን ወንበር ከገንዳው አወጣች፣ መልሳ አስገባቻት።

ሰኞ ከሥራ በኋላ ባለሱቁ አንኳኳ። አባቷ መሄዳቸውን በሩ ላይ ነገረችው። ከዚያ የሳምንቱን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወጣችው።

«ለምን እንደምትመላለስ አውቃለሁ። ጥሩ ሰው ነህ። እኔ ግን ምንም አይሰማኝም፤ ለማንም። ላታልልህ አልፈልግም።»

ባለሱቁ የቦርሳውን ማንገቻ ሲያጣምም ቆየ።

«እሺ» አለ። አልተከራከራትም። «የሻወሩን ራስ በየጊዜው ፈትተሽ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፊው። ቀዳዳው ከተደፈነ ያው ችግር ይመጣል።»

ይሄን ብሎ ወደ ደረጃው ዞረ። አንድ ወረደ፣ ሁለት ወረደ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጭምትን አንድ ነገር ደረቷን ጨመቃት። ምን እንደሆነ ለመለየት ትንሽ ጊዜ ፈጀባት፤ እንዲህ ያለ ስሜት ከጎበኛት ቆይቷል። ፍርሃት ነበር። በዚያው እንዳይቀር ፈራች።

«ነገ ትመጣለህ?»

ቆመ። «ምን ተበላሽቶ?»

«ምንም አልተበላሸም።»

መልሱ እስኪመጣ የበሩን እጀታ በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች። ባለሱቁ ዞሮ አያት፤ የወረዳቸውን ደረጃዎችም መልሶ ወጣ።

«ስንት ሰዓት ልምጣ?» አለ።