የሀደት ረድፍ

ሩሃማ ቤይሩት ውስጥ፣ ሐምራ በሚባል ሰፈር ያለ አንድ ቢሮ በሳምንት ሦስት ቀን ታጸዳ ነበር። ከአሠሪዋ ቤት ከወጣች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላትም። ዶራ ሰፈር ውስጥ ከጓደኛዋ ከቦሰና ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ሥራ ባገኘችበት እየዞረች ትሠራለች።

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ስታቲስቲክስ መማሯን ቤይሩት ውስጥ ከቦሰና በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አባቷ ሲሞት ነው ትምህርቱን ትታ የመጣችው። ቦሰናም ስታቲስቲክስ ምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቃት፣ ማብራሪያውን እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ «ያኒ፣ ቆጠራ ማለት ነዋ» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመልሳለች።

የቢሮውም ሥራ ቆጠራ ነበር። ሀገሪቱ በየዓመቱ ወደ አየር የምትለቀውን ሙቀት አማቂ ጋዝ ለመንግሥት ሪፖርት የሚያሰሉ አምስት ባለሙያዎች ይሠሩበታል። ጭሱን ማንም በሚዛን አይመዝነውም። ስንት ሊትር ነዳጅ እንደተቃጠለ ይጠየቃል፣ ሊትሩ በታወቀ ቁጥር ይባዛል፣ ጋዙ ይገኛል። እዚያ ማዞት የሚሉት ናፍጣ አንዱ ሊትር ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ማባዛቱ ቀላል ነው። ከባዱ እያንዳንዱ ሊትር የት እንደተቃጠለ አውቆ በየምድቡ ማስቀመጡ ነው።

አንድ ማክሰኞ የኃላፊዋን የማዳም አይዳን ጠረጴዛ ስትወለውል የተዘረጋ ሠንጠረዥ አየች። የአንድ ሕንፃ ጄኔሬተር ሁለት ቦታ ተጽፏል፤ አንዴ «ኤሌክትሪክ አመንጭተው የሚሸጡ» በሚለው ምድብ፣ አንዴ ደግሞ «መኖሪያ ቤቶች» በሚለው። አንዱ ማዞት ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል ማለት ነው። እጇ አላስችል አላት። በእርሳስ ከበበችና ከጎኑ በእንግሊዝኛ «ሁለት ጊዜ» ብላ ጻፈችበት።

ሐሙስ ዕለት ማዳም አይዳ ማን እንደጻፈው ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ጠየቀች። ሩሃማ ከኩሽና ወጥታ እኔ ነኝ አለች። ሴትየዋ ለረጅም ጊዜ አየቻትና ወንበር ሳበችላት። በዚያ ቢሮ ውስጥ ተቀመጪ ስትባል የመጀመሪያዋ ነበር።

በዚያ ዓመት የመንግሥት መብራት በቀን ሁለት ሰዓት ቢበራ ነው። የቀረውን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ የሚበራው በየጥጉ ኤሌክትሪክ በሚሸጡ ባለጄኔሬተሮች ነው፤ ሰው ሁሉ ጄኔሬተሮቹን ሞተር ይላቸዋል። ወደብ የገባው ማዞት በድምሩ ይታወቃል። ስንቱን ሞተሮቹ እንደሚያቃጥሉት ግን እርግጠኛ የሆነ አልነበረም፤ ባለቤቶቹ ሊጠይቅ የመጣውን ጸሐፊ በር ላይ ይመልሱታል። ማዳም አይዳ ሩሃማን ፎርም አስይዛ በከተማዋ ዳርቻ ወዳለው ሰፈር፣ ወደ ሀደት ላከቻት።

ጢሞቴዎስን ያገኘችው እዚያ ነው። አባስ የሚባል ሰው አሥራ አንድ ሞተሮች ነበሩት፣ ጢሞቴዎስ ደግሞ መካኒካቸው ነው። ከቆርቆሮው መጠለያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ሰላምታውን በአማርኛ ሰጣት። የሊትሩን ቁጥር ግን በአረብኛ ነበር የነገራት፣ አለቃው ከውስጥ ይሰማ ነበርና።

«በሰዓት ሠላሳ ሊትር» አለ።

ሩሃማ አልጻፈችም። የሞተሩ ጎን ላይ የተለጠፈውን ብረት አነበበች፤ ጉልበቱን አምስት መቶ ኬቪኤ ይላል። ድምፁንም ሰማች፣ ሰፈሩን ሁሉ ተሸክሞ ያቃስታል።

«ይሄማ ከሰባ አያንስም» አለችው ቀስ ብላ።

እሱ ዓይኖቹን እጁ ላይ ወዳለው ጨርቅ ጣለ። ፎርሙን አጣጥፋ ስትሄድ እስከ መንገዱ ተከተላት፣ ግን ስለ ሊትሩ አንድም ቃል አልተናገረም። እሑድ የት ነው የምታመልኪው ብሎ ብቻ ጠየቃት።

ዶራ ውስጥ ሐበሻ አማኞች በኪራይ በሚሰበሰቡበት አዳራሽ በቀጣዩ እሑድ መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ ነበር፣ ጥፍሮቹ ሥር ያለው ዘይት ግን አልለቀቀም። ከኋላ ረድፍ ተቀምጦ ዘመረ። ሲወጡ ቦሰና ከላይ እስከ ታች አየችውና «ያላ፣ ሻይ ይጋብዘን» አለች።

ከዚያ በኋላ እሑዶቹ ሁሉ የሁለቱ ሆኑ። የሆሳዕና ልጅ እንደሆነ፣ በሕንፃ ጥበቃ ሥራ እንደመጣ፣ ሞተር ያስተማረው አንድ ሽማግሌ አርመናዊ እንደሆነ ነገራት። ሽማግሌው ሲሞት፣ የሠራበትን ሰዓትና የገባውን ሊትር በየቀኑ መመዝገብን አውርሶት ነበር። እሷም ስለ ምድቦቹ ትነግረዋለች። የሚሸጥ ኤሌክትሪክ ለብቻው፣ ቤት ውስጥ ለራስ የሚቃጠል ለብቻው፣ ወደ ውጭ አገር የሚበር አውሮፕላን ነዳጅ ደግሞ ከየትኛውም አገር ድምር ውጭ። ቁጥር ስታወራ ፊቷ ይበራል። እሱ ዝም ብሎ ያንን ያያል።

«ለምንድነው እንዲህ የምትወጂው?» አላት አንድ ቀን ባሕሩ ዳር።

አሰበች። «አንድ ነገር ካልተጻፈ የለም ይሉታል። ሀደት ያሉትን እናቶች የሚያስላቸው እኮ የሠላሳ ሊትር ጭስ አይደለም፣ የሰባ ነው።» ከዚያም ጨመረች፤ «እኔም እዚህ አገር አልተጻፍኩም።»

እጇን ያዛት። 

በተዋወቁ በሰባተኛው ወር ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌ የሆኑት አንድ የሕንፃ ጠባቂ፣ የአዳራሹ ወንጌላዊና ሁለት እኅቶች ናቸው። የሩሃማ ቤተሰብ ሆና የተቀመጠችው ቦሰና ነበረች። ምን ሥራ አለው፣ ጠባዩስ፣ ብላ እንደ ወጉ ከጠየቀቻቸው በኋላ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። በጉባኤው ፊት ጸሎት ተደርጎ ተጫጩ። የሩሃማ ወረቀት እስኪስተካከል ሠርጉ እንዲቆይ ተባባሉ።

በዚያው ሳምንት ጢሞቴዎስ የምዝገባ ደብተሩን አመጣላት። የአንድ ዓመት ሰዓትና ሊትር፣ የአሥራ አንዱም ሞተር።

«አልቀበልም» አለችው። «አባስ ከፊልህ፣ ዋስህ ነው። ኢቃማህ ያለው በእሱ እጅ ነው።»

«መጀመሪያ ቀን የዋሸሁሽ ጊዜ ያየሽኝ ዓይን አሁንም ያሳፍረኛል። ገልብጪና መልሺልኝ። ስሜን አትጻፊ።»

ገለበጠችው። ስሙን አልጻፈችም፣ በስም ፈንታ የምስጢር ቁጥር ሰጠችው። ማዳም አይዳ የሊትሩን ቁጥር ስታይ ተነሥታ አቀፈቻት። ሲገምቱት ከነበረው ከእጥፍ በላይ ነበር።

ቀጥሎ የምደባው ጥያቄ መጣ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የከተማ ዳርቻው ሞተሮች ሁሉ በአንድ ረድፍ ይጠቃለሉ ነበር። በየሰፈሩና በየዓይነቱ እንለያቸው፣ የት ምን ያህል እንደሚጨስ በግልጽ ይታይ ያለችው ሩሃማ ናት። ማዳም አይዳ ደስ አላት፣ ሠንጠረዡንም ራሷ እንድትሠራው ተወችላት። ሦስት ቀን ሠራች። መጥረጊያ ሳትይዝ ወደዚያ ቢሮ ስትገባ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነበሩ።

በሀደት፣ ኤሌክትሪክ ከሚሸጡት ረድፍ ውስጥ የነበረው አንድ መላሽ፣ ማለትም ቁጥሩ የተገኘ ባለሞተር፣ ብቻ ነው። አባስ።

ሩሃማ ደንቡን ታውቀው ነበር። ሐዋሳ፣ የመጀመሪያ ዓመት ላይ ተምራዋለች፤ ከሦስት ያነሱ መላሾች ያሉበት ረድፍ ለብቻው አይወጣም፣ ከጎረቤቱ ይቀላቀላል፣ አለዚያ ስም ባይጻፍም ሰውየው ይታወቃል። ያውቁታል የሚባሉት የቢሮው ባለሙያዎችም እንደ እሷ ሳያስተውሉት አለፉ። ረቂቁ አስተያየት እንዲሰጥበት ታትሞ ወጣ። በአሥር ቀኑ አንድ ቅጂ አባስ እጅ ደረሰ።

አባስ የሚጮህ ሰው አልነበረም። ወረቀቱን አጣጥፎ ይዞ መጠለያው ድረስ መጣ። ይህን ቁጥር የሚያውቁት እግዚአብሔር፣ እሱና ጢሞቴዎስ ብቻ እንደሆኑ ነገረው። ለማን እንደሰጠ ከተናገረ ሥራውም ኢቃማውም እንደማይነኩበት ቃል ገባለት። ጢሞቴዎስ አልተናገረም። አባስ ሰውየው ጠፍቶብኛል፣ ከእንግዲህ ተጠያቂው አይደለሁም ብሎ ለፖሊስ አመለከተ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጢሞቴዎስ ተይዞ፣ እስር ቤት ውስጥ ወደ አገር የሚመለስበትን በረራ ይጠብቅ ነበር።

ሩሃማ ልትጠይቀው መሄድ አትችልም፤ ያለ ኢቃማ ከሄደች እዚያው ትቀራለች። ልብስና ምግብ ይዛ የሄደችው ኢቃማ ያላት ቦሰና ናት። አንድ ቀን ጠዋት በተፈቀደለት ጥቂት ደቂቃ ደወለላት። ሐምራ መንገድ ዳር፣ ግድግዳ ተደግፋ አነሣችው።

«ጢሞ፣ ረድፉን የለየሁት እኔ ነኝ። ማዳም አይዳ አይደለችም። እንለየው ያልኩት እኔ ነኝ።»

 ከበስተኋላው ሰው ሲያስል ይሰማታል።

«ቁጥሩ ልክ ነው?» አላት።

«ልክ ነው።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። «ስትጽፊው ትዝ አላልኩሽም?»

ልትዋሸው ትችል ነበር። በኋላ ብዙ ጊዜ፣ ምነው በዋሸሁት ብላለች።

«አላልከኝም። ሥራው ብቻ ነበር የታየኝ።»

እሱ እሺ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ሰዓቴ አልቋል፣ ሩሄ» አላት። ስልኩ ተዘጋ።

ከሆሳዕና የደወለው በሃያ ቀኑ ነው። ደኅና መግባቱን፣ እናቱ ማርጀቷን፣ የውኃ ፓምፕ ጥገና እንደጀመረ ነገራት። ነይ አላት። እመጣለሁ አለችው፤ ከልቧ ነበር።

ማዳም አይዳ ግን የጥፋቱ ግማሽ የእኔ ነው ብላ እንቅልፍ አጥታ ነበር። ጠበቃ ይዛ፣ ስትመላለስ ከርማ፣ የሩሃማን ኢቃማ በቢሮው ስም አወጣችላት። መረጃ ሰብሳቢ ሆና እንድትቀጠርም አደረገች። ሩሃማ ይህን ለጢሞቴዎስ ነገረችው።

«አንድ ዓመት ሥሪ» አላት። «ከዚያ አገር ተደብቀሽ ሳይሆን ቀና ብለሽ ውጪ።»

ሠራች። የመጀመሪያ ሥራዋ የሀደትን ረድፍ ከአጎራባቾቹ ጋር መቀላቀል ነበር። ረቂቁ እንደገና ሲወጣ ድምሩ እውነተኛ ነው፣ ማንም ሰው ግን በውስጡ አይታይም። ቀጥሎ የመኪኖቹ ቆጠራ መጣ፣ ከዚያ የቆሻሻ ማቃጠያዎቹ። በምትልከው ገንዘብ ታናሽ ወንድሟ ዩኒቨርሲቲ ገባ። አንዱ ዓመት አለቀና ሁለተኛው ጀመረ። በየእሑዱ የነበረው ስልክ በወር ሁለቴ ሆነ፣ ከዚያም በወር አንዴ። ትዝ አላልኩሽም የሚለውን ዳግም አላነሣውም። እሷም አላነሣችም። ነገር ግን ሲነጋገሩ ዝምታ በመጣ ቁጥር ሁለቱም የሚሰሙት ያንኑ ጥያቄ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ጢሞቴዎስ ከቀትር በኋላ ደወለ። እናቱ ልጅ ሳላይልህ ልሙት ወይ ማለቷን፣ ሰፈር ውስጥ አንዲት አስተማሪ መኖሯን፣ ከሌላ ሰው ከምትሰማ ራሱ ሊነግራት መፈለጉን እየተደናቀፈ ነገራት።

«መልካም ሰው ናት?» አለችው።

«መልካም ናት።»

«እንኳን ደስ ያለህ።»

«ጠብቄሽ ነበር፣ ሩሄ።»

«ቆየሁብህ» አለች።  ሁለቱም ስልኩን ለመዝጋት ፈሩ። ትንፋሹን ትሰማው ነበር። በመጨረሻ የዘጋችው እሷ ናት።

ቦሰና ይህን ሰማች። ሳምንቱን ሙሉ ሩሃማ የምትወደውን ምግብ እየሠራች ጠበቀቻት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሩሃማ ፎርሞቿን በጉልበቷ ላይ አድርጋ ከሀደት በቫን ትመለስ ነበር። አጠገቧ አዲስ የመጣች ሐበሻ ልጅ ተቀመጠች። ስሟ ፈሪሃ ነው፣ ማዳሟ ወደ እኅቷ ቤት ልካት መንገዱ ጠፍቶባታል። ሩሃማ የት እንደምትወርድ አሳየቻት። ልጅቱም ደፈር አለችና፣ እኅቴ እዚህ ስንት ዓመት ሆነሽ፣ ምን ትሠሪያለሽ ማለት ጀመረች። ሩሃማ አገሯን ጠየቀቻት።

«ሆሳዕና ነኝ» አለች ፈሪሃ። «አንቺስ አግብተሻል?»

ሩሃማ በመስኮቱ አየች። ቫኑ ቆሞ ሰው ያወርድ ነበር።

«አላገባሁም» አለች። «ታጭቼ ግን ነበር።» ከዚያ ልጅቱ ሳትጠይቃት፣ ከስንት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን ድምፅ አውጥታ ጠራችው። «ጢሞቴዎስ ይባላል። የአገርሽ ልጅ ነው። ፓምፕ ይጠግናል፤ ምናልባት ታውቂው ይሆናል።»

ፈሪሃ አሰበችና አላውቀውም አለች። ሩሃማ ራሷን ነቀነቀች። እስከሚወርዱበት ድረስም ስለ እሱ ነገረቻት።