ጨረቃ ውስጥ የገባችው ኮከብ

«ይሄ ፋራ ሠዓሊ በሕይወቱ አንዴ እንኳ ቀና ብሎ ሰማይ ያየ አይመስለኝም» አለ ቀጮ። የሳይንስ ክፍሉን የሞሉት ወላጆች ሳቁ።

አጠገቡ የቆመችው የክበብ ጓደኛውም አብራ ሳቀች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፊልም ማስታወቂያ ያመጣችው እሷው ነበረች። የሥነ ፈለክ ክበባቸው «ፊልሞች የሚዋሹት ሰማይ» ላለው የውድድር ዐውደ ርዕይ ማሳያ ሲያፈላልግ፣ ቤታቸው ጓዳ ተጠቅልለው ከተደረደሩት ሸራዎች አንዱን መዝዛ አመጣች። ቀጮ «ማነው የሳለው?» ሲላት «እኔ እንጃ» አለችው። በእጅ የሚሳል ማስታወቂያ ጊዜው አልፎበታል፤ የአባቷን ጣቶች ግን ቀለሙ እስካሁን አልለቀቃቸውም። ሰው ፊት ያንን እጅ ማየት ያሳፍራታል።

አባቷ እንደሚመጣ አልነገራትም። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጆቹን ኪሱ ከቶ፣ ሸራው ፊት ቆመ።

«ስህተቱ የቱ ጋ ነው?» አለው ቀጮን።

«ይኸውልዎት ጋሼ፣ ጨረቃ ማጭድ ብትመስልም ክብ ናት። የጨለመው ጎኗም አካሏ ነው። ታዲያ ኮከቧ በቀንዶቿ መሃል ምን ትሠራለች? ድንጋይ በስታ አትታይ።»

«እውነትህን ነው። ግን ሠዓሊው ያውቅ ይሆናል እኮ። የሲኒማ ቤቱ ሰውዬ ‹ኮከቧን እዚያ ካላስገባህ ፍቅር ፍቅር አይልም፣ ሰው አይገባልኝም› ብሎት ቢሆንስ?»

«እምቢ አይልም እንዴ?»

«ልጅ ያለው ሰው እምቢ አይልም።»

ዞር ብሎ ልጁን አያት። ከዚያ እንደማያውቃት ሁሉ «በርቱ ልጆች» ብሎ ወጣ። «አባዬ» ልትል አፏን ከፍታ፣ ወላጆቹን አይታ ተወችው።

«ነገረኛ ሰውዬ» አለ ቀጮ። «በይ፣ ዳኞቹ መጡ፤ ተራው ያንቺ ነው። ቅድም ያልኩትን ድገሚላቸው፣ አንደኝነቱ በእጃችን ነው።»

ሦስቱ ዳኞች እስክሪብቷቸውን አዘጋጅተው ቆሙ። ከመስኮቱ ባሻገር አባቷ ግቢውን አቋርጦ ከበሩ ወጣ። ብትጣራም አይሰማትም።

«ይህን የሳለው አባቴ ነው» አለች።

ቀጮ አፉን ያዘ።

«ለምን እንዲህ እንደሳለው አሁን ለሌላ ሰው ሲናገር ሰማሁ። እኔ ጠይቄው አላውቅም። ፈቃዱን ሳልጠይቅ ነው ያመጣሁት።»

ወንበር ስባ ወጣችና ሸራው የተሰቀለበትን ሚስማር መንቀል ጀመረች።

«ኧረ ነጥባችን!» አለ ቀጮ በሹክሹክታ።

«በዚህ በኩል ያዝልኝ፤ እንዳይቀደድ» አለችው።